በአንድ መስመር ይሙሉ

ከትምህርት ክፍሉ ቅጽ መጣልኝ ሰኞ ዕለት፤
ስም፣ ማዕረግ፣ የምርምር ዘርፍ፣ የአገልግሎት ዓመት።
ከዘርፉ አጠገብ እንዲህ ይላል፦
«በአንድ መስመር ብቻ»፤ ቦታው ጣት ያህላል።

ሌሎቹማ ሞልተዋል።
ምንትዋብ «የሰነድ ጥበቃ» አለች፣ አጭር አርጋ፤
ምስጥ የበላው መዝገብ አቅፋ ስታነጋ
ያየ ሰው የለም፣ ከፎቁ ዘበኛ በቀር።
ጉደታ «የተጠቃሚ ባሕርይ» አለ፤ እሱ ሲቆጥር
ይውላል ከንባብ ቤቱ ደጅ፣ ማን ምን ፈልጎ መጣ፤
ዘንድሮ በዝቷል ይላል ባዶ እጁን የሚወጣ።

የእኔ ዘርፍ ግን
ከቃሊቲ ወዲያ፣ የክፍያ መንገዱን በር አልፎ
ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው፣ ወረዳው ደጅ ተሰልፎ።

ለውኃ ቆጣሪዬ ጉዳይ ነበር የሄድሁ፤
ጭቃውን ከጫማዬ በስንጥር እየፋቅሁ
ሰባተኛ ቆምሁ።
ከመስኮቱ ሥር አንዲት ሴት፣ ፌስታል በብብቷ ይዛ፤
ውስጡ ደረሰኝ ነው፣ የዓመታት፣ በእጅ ላብ የወዛ።

«ስም?» አላት ልጁ፣ ዐይኑን ሳያነሣ።
«ሐረገወይን ይመኑ።»
ጻፈ። ጠበቀ። «የሉም።»
«እንዴት የለሁም?»
«እናቴ፣ ሲስተሙ ነው የሚለው፤ እኔ አይደለሁም።»
«እሱ ያውቀኛል ወይ? እኔ መቼም አላውቀውም።»
ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤
ዐሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ጥያቄ ስዳክር
እንዲህ ባጭሩ አልመጣልኝም።

ጠጋ ብዬ «በየትኛው ሀ ነው የፈለግሃቸው?» አልሁት።
እብድ እንደሚያዩ አየኝ። «ሀ፣ ሀ ነዋ፣ ጋሼ!»

ሀሌታውን ሞከርን፤ የሉም።
ሐመሩን ሞከርን፣ ሐረግ የሚበቅለው ከዚያ ነበር፤ የሉም።
ብዙኃኑን ሞከርን፤ ስሙ ብዙኃን ቢባልም አንዲት ሴት አጣ።
ራብዖቹንም አዳረስን። መብራት ሄደ፤ መጣ።
ከኋላ አንዱ «የቄስ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» አለ፤
አልተሳሳተም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ጸሐፊ በጆሮው ሲጽፍ
ጉሮሮ የያዘውን ጣት ዘሎት ሲያልፍ።
«በዐይኑ ዐ ሞክር።»
«የቱ ነው እሱ?»
«ያ ክቡ። ቀለበት የሚመስለው።»

ወጣች።
ዐረገወይን ይመኑ። የቁጠባ ቁጥሯ፣ የተመዘገበችበት ቀን፣ ሁሉም ልክ ነው።
አንዲት ፊደል ብቻ ናት
ሐረጓን ነቅላ ዐረገች ያሰኘቻት።
ማንም አልገደላት፣ ማንም አልቀበራት፤
አንድ ትጉህ ጸሐፊ፣ አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት
ሳያስበው ሰማይ ሰደዳት።

ነገርኋት። ዝም አለች። ፌስታሏን አጠበቀች።
«አራት ዓመት ጠፍተሻል አሉኝ፣
እኔም አምኜ ራሴን ስፈልግ ከረምሁ።
እዚሁ እኮ ነኝ፣ ብሎክ ሃያ ሦስት፣ ምድር ቤት፣ በኪራይ።
ፈላጊዬ ነው እንጂ የጠፋው» አለችኝ።

ቆጣሪዬን ረስቼው ተመለስሁ።
ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጎማ ታቅፎ ከተቀመጠ ሰውዬ ጎን
ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ መንገዱ ብዕሬን እያንገጫገጨ
ሞላሁ፦ «ያልጠፉ ሰዎችን ፍለጋ።»

ሐሙስ እልፍነሽ ከቢሮ መለሰችልኝ፦
«ይሄ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ኮድ ያለውን ምረጥ።»
«እሺ፤ መረጃ ፍለጋ በይው።» ኮዱ ዜሮ አራት።
ደስ አላት፤ ተየበች፤ አተመች፤ በሩ ላይ ለጠፈች።

ሄጄ አነበብሁት። ዘርፌ ልክ ነው፤ ማዕረጌም።
ስሜ ግን፣ ኀይለልዑል፣
በሌላ ሀ፣ በሌላ ዑ ተጽፏል፦ ሃይለልኡል።
ብዕር አወጣሁ፤ ከዚያ ተውሁት።
የሚፈልገኝ ካለ
በየትኛው በር እንደሚመጣ እስቲ ልይ አልሁት።